መንጃ ፈቃድ ከዓይን ይጀምራል

ዛሬ የማጫውታችሁ እኛ ቤት ወራት ስለፈጀ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው። ተፈታኙ የልጅ ልጄ ቢሆንም ከቤተሰቡ ያልተፈተነ አልነበረም፤ እኔም አልቀረሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የምኖረው ሐይቅ ነው። ከተማችንን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቤቴ ለአስፋልቱ ቅርብ ስለሆነ የከባድ መኪና ድምፅ ሳልሰማ ያደርኩበትን ሌሊት አላስታውስም። ወደ ውጫሌ፣ ወደ ውርጌሳና ወደ መርሳ የሚሄደው ጭነት በደጃችን ነው የሚያልፈው።

እንዲህ ባለ ከተማ ያደገ ልጅ መኪና ቢመኝ አይገርምም። የልጅ ልጄ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኖ ገባ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጫነ፣ አወረደ፣ ሸራ አሰረ፣ ጎማ ቀየረ። አንድ እሑድ ጠዋት ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ።

«እማ፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው። ይቺ የጤና ምርመራ ቅጽ ናት። አንቺ እዚያ ያሉትን ሁሉ ታውቂያቸው የለ? ሳልሰለፍ ታስሞዪልኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ዝም አልኩ። ልጁ የተቆጣሁ መስሎት ነበር። እኔ ግን የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ገና ወጣት ሳለሁ በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ የማውቀው ጎልማሳ ይህንኑ የመሰለ ወረቀት ይዞ መጣ። የዓይኑን ውጤት የምሞላው እኔ ነበርኩ። ከግድግዳው ሰሌዳ ስድስት ሜትር አርቄ አቆምኩትና ግራ ዓይኑን ሸፍኜ አስነበብኩት፤ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አወረደው። ቀኙን ሸፍኜ በግራው ሳስነብበው ግን ትልቁን ፊደል እንኳ አላየውም። ልጅ ሳለ እሾህ ወግቶት ጠባሳ ጥሎበት ኖሯል። «ሲስተር፣ አምስት ልጆች አሉኝ። መኪናው ተገኝቶልኛል። የቀረችኝ ያንቺ ወረቀት ናት» አለኝ። አዘንኩለት። ሁለቱም ዓይኖቹ ጤነኛ ናቸው ብዬ ጻፍኩለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪና አደጋ ቁስለኞች በመጡ ቁጥር ከማንም በፊት የሹፌሩን ፊት ነበር የማየው። እሱ አለመሆኑን ሳይ ተመስገን እልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ለዓመታት እንዲህ ኖርኩ። በመጨረሻ ገበያ ላይ አገኘሁት። መኪናውን ትቶ ወደ እርሻው ተመልሷል። በግራ በኩል ከብት የምትነዳ ልጅ መንገድ ስታቋርጥ ሳያያት ቀርቶ፣ ረዳቱ ጮኾ እንዳስቆመው፣ በማግስቱም ቁልፉን ለባለንብረቱ እንዳስረከበ አጫወተኝ። ከዚያ ደግሞ «ውለታሽን አልረሳም» ብሎ ቡና ልግዛልሽ እያለ ተሟገተኝ። አልተቀበልኩትም። እሱ ውለታ ያለው ነገር እኔን ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳኝ አልነገርኩትም።

ይህን ታሪክ ለልጄም ለልጅ ልጄም ከዚያ በፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ነገርኳቸው። ከዚያም «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ፤ እንደ ሰው ተሰልፈህ ትመረመራለህ» አልኩት።

ተሰለፈ። የዓይን ሰሌዳው ፊት ሲቆም የላይኞቹን መስመሮች በፍጥነት አነበበ። ወደ ታች ሲወርድ ዓይኑን ማጥበብ ጀመረ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አይቼው ገባኝ። ሩቅ አያይም! ትምህርት ቤት ሳለ ፊት ወንበር ላይ ካልሆነ አልቀመጥም የሚለው ለትምህርት ጓጉቶ ይመስለን ነበር። ረዳት ሆኖም የሩቅ ታርጋ አንብብ ሲሉት «አቧራ ነው» ይላቸው ነበር አሉ። ሠላሳ ዓመት የሰው ዓይን ስመረምር ኖሬ የቤቴን ልጅ ሳላይ ቀረሁ። ያን ቅጽ በትውውቅ አስሞልቼለት ቢሆን ኖሮ ያ የማላየው ዓይን መሪ ይጨብጥ ነበር።

ደሴ ወስደን በልኩ መነጽር ተሠራለት። ልጁ ግን አፈረ። «መነጽር ያደረገ ሹፌር ማን ይቀጥራል?» አለ። «ጤና ያለው ሹፌር ማለት ጉድለቱን የሚያውቅና የሚያርም ነው» አልኩት። ወደ ሐይቅ ስንመለስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ እስከ ቦሩ ሜዳ ድረስ አልተናገረም። ቁልቁለቱን ስንጀምር «እማ፣ እዚያ ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ይታያል» አለኝ።

እዚህ ላይ ለወላጆችና ለአያቶች አንዳንድ ነገር ላንሳ። ልጃችሁ ለመንጃ ፈቃድ ከመመዝገቡ በፊት እናንተ ከማንም በላይ የምታውቁት ነገር አለ። ሲመሽ የሚደናበር፣ ዳፍንት ያለበት ልጅ ነው? ዓይነ ማዝ ደጋግሞ ያጠቃው፣ የዓይኑ ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ የሚወጋው ነው? አረንጓዴና ቀይ የሚምታታበትስ? ይህ የቀለም ችግር ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ብዙው ሰው ሳያውቀው ይኖራል። ከልጅነቱ ጀምሮ አልፎ አልፎ ራሱን የሚያስተው፣ የሚጥለው ሕመም ካለበት ለሐኪም መናገር ያለበት ቤተሰብ ነው። ስኳር ሕመም ኖሮበት መርፌ የሚወስድ ሰው ምግብ ሲያሳልፍ ስኳሩ በድንገት ሊወርድና መሪ ላይ እያለ ሊደነዝዝ ይችላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚታከሙ ወይም የሚረዱ ናቸው። የሚያስፈሩት ሲደበቁ ነው።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። በእኛ ዘመን «ሦስተኛ»፣ «አራተኛ»፣ «አምስተኛ» መንጃ ፈቃድ ይባል ነበር፤ ተሳቢ የሚነዳ ሰው «አምስተኛ አለው» ሲባል ሰፈር ያከብረዋል። አሁን አጠራሩ ተለውጧል። ሕዝብ የሚያጓጉዘው፣ ደረቅ ጭነት የሚጭነውና ነዳጅ ወይም ሌላ ፈሳሽ የሚጭነው ምድባቸው ለየብቻ ነው። በሥራ ላይ ያለው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። የዕድሜና የትምህርት መስፈርቱ በየምድቡ ስለሚለያይ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ደላላ አትጠይቁ።

የልጅ ልጄ በመጀመሪያ መጽሐፉን ናቀው። «ሦስት ዓመት ረዳት የነበርኩ ሰው ምን ይቀረኛል?» ይላል። እራት ከበላን በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እኔ እየጠየቅኩ እሱ መመለስ ጀመረ። ያኔ ነው የሚያውቀውና የማያውቀው የተለየለት። ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን እንደሚያስጠነቅቅ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ እንደሚከለክል፣ ሰማያዊው ክብ እንደሚያስገድድ ለየ። ወደ ታች የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን «ቅድሚያ ስጥ» እንደሚል ግን በዚያ ምልክት አጠገብ ስንት ጊዜ ሲያልፍ አላወቀም ነበር። እኔም ተምሬበታለሁ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ጎማ እያልኩ ሳነብለት፣ አባቴ ከጣሊያን የቀሩ ቃላት ናቸው ይለን የነበረው ትዝ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቃላቱ የጣሊያንኛ ናቸው።

አንድ ማታ ሒሳብ ሠራን። አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። አደጋ አይቶ እግርን ከነዳጅ ወደ ፍሬን ለማዛወር አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል እንበል። ፍሬኑ ገና ሳይያዝ 17 ሜትር አለፈ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ከበሬ ጀምረን በእርምጃ ለካነው። ጎረቤቴ ሱቅ በር ላይ ደረስን። በመካከሉ ሦስት ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ልጁ ቆሞ አያቸው፤ እኔም ምንም አልጨመርኩበትም።

የጭነት መኪና ፈተና ከትንሽ መኪና የሚለየው በክብደቱ ነው። የልጅ ልጄ እየተማረ ለእኔ ያስረዳኝን ልንገራችሁ። ትልልቆቹ መኪኖች ፍሬናቸው በታመቀ አየር የሚሠራ ነው። ጠዋት ሞተር አስነስቶ አየሩ በቂ እስኪሆን ሳይጠብቅ መነሳት አይቻልም። ሾፌሩ መለኪያውን ያያል፣ አየር የሚያስተነፍስ ቦታ መኖሩን ያዳምጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ደግሞ ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ይቀነሳል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ይደረጋል። ከቦሩ ሜዳ ወደ ሐይቅ የሚወርደውን ወይም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚጠየቅ ይገባዋል። ፈሳሽ የጫነ መኪና ሌላ ጠባይ አለው። ጋኑ በግማሽ ሲሆን ፈሳሹ ወዲያ ወዲህ ይላጋል፤ መታጠፊያ ላይ ወይም ፍሬን ሲያዝ መኪናውን ይገፋዋል።

እኔ ደግሞ በበኩሌ የማስተምረው ነገር ነበረኝ፤ እንቅልፍና ጫት። እኛ አገር ሌሊት የሚነዳ ሰው ጫት ይዞ መቀመጡን እንደ ስንቅ የሚቆጥረው ብዙ ነው። ጫት ድካምን አያስወግድም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ምርቃናው ላይ ያለ ሹፌር የነቃ ይመስለዋል፤ ፍጥነቱም ልቡም ይጨምራል። ሲበርድ የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ለሦስት ሰከንድ ቢያንቀላፋ ከ60 ሜትር በላይ ማንም ሳይነዳው ይሄዳል። የእንቅልፍ መድኃኒቱ እንቅልፍ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ጥግ ይዞ ሃያ ደቂቃ ማረፍ የሚያሳፍር አይደለም። ልጁ ሰምቶ ሲያበቃ «ሹፌሮቹ ግን እንዲህ አያደርጉም» አለ። «ያላደረጉት እኔ ጋ ነበር የሚመጡት» አልኩት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሕፃናትንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው ይኸው ነው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ አገሮች ያሉ ናቸው። እኔ ቁጥሩን ሳነብ የሚታየኝ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያነክስ እግሩን የሚያይ ወጣት ነው።

ትምህርቱ በመሃል ሳለ ሌላ ፈተና መጣ። አንድ የሩቅ ዘመድ ቤታችን መጥቶ «መስመር አለኝ፤ ልጁ ሳይንከራተት ካርዱን በሳምንት አስጨርስለታለሁ» አለ። ልጄ፣ የልጁ እናት፣ ልቧ ተከፈለ። ለሥልጠናው ገንዘብ ብላ ጊደር ሸጣለች። ልጁ ሥራውን ትቶ ደሴ ሲመላለስ ገቢ የለም። «እማዬ፣ ሌላው ሁሉ እንዲህ አይደል የሚያወጣው? መንዳቱን እንደሆን ሥራ ላይ ይለምደዋል» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ድካሟን አውቃለሁ። ሆኖም «ሥራ ላይ የሚለምደው በማን ልጅ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሰውየው ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ስልክ ቁጥሩን ግን ልጄ ይዛዋለች፤ እኔም አውቄ ዝም አልኩ።

የጽሑፉን ፈተና በመጀመሪያው አለፈ። በተግባሩ ወደቀ። ዳገት ላይ መኪናውን አቁሞ እንደገና ሲያስነሳ ወደ ኋላ ተንሸራተተበት። ማታ ቤት ሲገባ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተኛ፤ እራትም አልበላ። እናቱ ወጥ እያማሰለች «አየሽ?» አለችኝ። ስልኳ መደርደሪያው ላይ ነበር። ያን ሌሊት እኔም ተጠራጥሬአለሁ። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ በአሮጊት ግትርነት እየዘገየ ይሆን ብዬ አስቤአለሁ።

ጠዋት ልጁ ከእኛ ቀድሞ ተነስቶ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እናቱ ሻይ ይዛ ስትመጣ፣ ማንም ሳይጠይቀው እንዲህ አለ፦ «ትናንት ከኋላዬ የነበረው የቆመ እንጨት ነው። ወደቀ፤ አንስተው አቆሙት። ከኋላዬ ሰው ቢሆንስ ብዬ ሳስብ አደርኩ። እማ፣ ያ የድሮ ሰውዬ ረዳት ባይጮህለት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» እናቱ ሻዩን አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። ያን ስልክ ቁጥር መቼ እንዳጠፋችው አላውቅም፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ቤታችን አልመጣም።

ተጨማሪ የልምምድ ሰዓት ከፈልን። አሠልጣኙ ዳገቱን ብቻ አስደጋገመው። የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ እየለቀቀ፣ ሞተሩ መኪናውን መሳብ ሲጀምር ድምፁ ሲለወጥ እየሰማ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ። ወደ ኋላ እየነዱ ጠባብ ቦታ መግባትንም እንደዚያው። «ሦስት ዓመት ሌላ ሰው ሲያስገባ ና ና እል ነበር፤ መሪው ላይ ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው» ይለኝ ጀመር። የናቀውን ማክበሩ ለእኔ ከውጤቱ በላይ ነበር። በሁለተኛው ፈተና አለፈ።

ልጆቻቸውን ለዚህ ሙያ ለሚያዘጋጁ ቤተሰቦች ከቤታችን ያገኘሁትን ላካፍል። የዓይንና የጤና ምርመራውን ከሁሉ አስቀድሙ፤ ችግር ካለ ሥልጠናው ሳይጀመር ይታወቃል። የሥልጠናውን ክፍያ ስታስቡ የመውደቂያውንም አብራችሁ አስቡ፤ ለተጨማሪ ልምምድ የምትሆን ገንዘብ የተቀመጠችለት ልጅ በወደቀ ጊዜ ደላላ አይፈልግም። ጽሑፉን በቃል ከማስሸምደድ ይልቅ ምክንያቱን ጠይቁት፤ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ እሱ ያስረዳችሁ፣ ማስረዳት የቻለ ገብቶታል። በፈተናው ዋዜማ በጊዜ ይተኛ። ሲወድቅ ደግሞ አትሳቁበት፣ ከጎረቤት ልጅም ጋር አታወዳድሩት። ካርዱን ይዞ በመጣ ማግሥትም ለሌሊት መንገድ አትልቀቁት።

የእኛው ልጅ ካርዱን ከያዘ በኋላ ብቻውን ረጅም መንገድ አልወጣም። በሚሠራበት መኪና ላይ ካሉት አንጋፋ ሹፌር ጎን ተቀምጦ፣ በቀን በቀን፣ ከሐይቅ ደሴና ኮምቦልቻ ይመላለሳል። እሳቸው በሜዳው ይሰጡታል፣ ቁልቁለቱን ራሳቸው ይወርዱታል። በቅርቡ አንድ ቁልቁለት እንደሰጡት ነገረኝ። «መነጽርህን ጥረግና ና» አሉት አሉ። የፈራው መነጽር እንዲህ ተለመደለት።

እኔ አሁንም ሌሊት የመኪና ድምፅ እየሰማሁ አድራለሁ። ድሮ የምሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ማርሽ የሚቀንሰውንና ፍሬን እየረገጠ የሚወርደውን ለይቼ አውቃለሁ። የሚቀንሰውን ስሰማ፣ ይህን ልጅ ያስተማረች እናት አለች እልና ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ።

ለመንገደኞቻችን ሁሉ በሰላም መግባትን ይስጥልን። ቸር ይግጠመን።